«ስንት ሰዓት ላይ እንሂድ?»

ደብዳቤው

«ልጄ 22 ዓመቷ ነው። አራት ዓመት ለትምህርት ሌላ ከተማ ቆይታ ዘንድሮ ወደ ቤት ተመልሳለች። ጎበዝ ልጅ ናት። ዜና ትከታተላለች፤ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ሥራ አጥነት ከጓደኞቿ ጋር በስልክ ስትከራከር ታመሻለች። ለመምረጥ ከደረሰች ጀምሮ ግን ሁለት ምርጫ አልፏታል። ሦስተኛው እየመጣ ነው፤ ምዝገባው ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ባለፈው እሑድ ‹መቼ ነው የምትመዘገቢው?› ብላት ‹ተይኝ እስቲ እማ፤ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም› አለችኝ። ተናደድኩ። ‹ስንት ሰው ሞቶበታል! የእናንተ ትውልድ ሰነፍ ነው፤ ከስልካችሁ ቀና ማለት አትችሉም› አልኳት። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ስለ ምርጫ አላወራንም። እኔ አንድም ምርጫ አምልጦኝ አያውቅም። ትንሽ ሆና ይዣት እሄድ ነበር። ወረቀቱን አጥፌ እሰጣታለሁ፣ ኮሮጆው ውስጥ የምትከተው እሷ ነበረች። ምን አጠፋሁ? እንዴት ልመልሳት? እምቢ ብትለኝስ?»

ምላሹ

ውድ እናት፣

ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ የታየኝ የእናትና የልጅ ጭቅጭቅ ነው። በሁለተኛው ግን አንድ መስመር ላይ ቆምኩ። «አራት ዓመት ለትምህርት ሌላ ከተማ ቆይታ» ይላል። እርስዎ እንደ ዋዛ ጣል አድርገውት አልፈዋል። ያመለጧት ሁለት ምርጫዎች የተካሄዱት ግን በዚያው አራት ዓመት ውስጥ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

በቅድሚያ ስለ እሑዱ ነገር እናውራ። «ሰነፍ» ስላሏት ይቅርታ ይጠይቋት። እናት ልጇን ይቅርታ ስትጠይቅ ክብሯ አይቀንስም። ደግሞም ቃሉ ልክ አይደለም። ስለ ሥራ አጥነት ስትከራከር የምታመሽ ልጅ «ምን አገባኝ» ያለች ልጅ አይደለችም። አገባኝ ብላለች። አገባኝ ያለችበት ቦታና ኮሮጆው ያለበት ቦታ ናቸው የተራራቁት።

«ስንት ሰው ሞቶበታል» ያሉትም እውነት ነው። እውነት መሆኑ ግን ልጅዎን ከቤት አያስወጣትም። በሚያዝያ 1994 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጥቁሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመርጡ ሰልፉ እየተጠማዘዘ ከዓይን ይርቅ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በሰው የተደገፉ አዛውንቶች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች ለሰዓታት ቆመው መርጠዋል። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ2024፣ ከተመዘገቡት መራጮች ድምፅ የሰጡት 59 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ጭራሽ ያልተመዘገቡት ሲደመሩ ቁጥሩ ከዚያም ይወርዳል፤ ካልተመዘገቡት ብዙዎቹ ደግሞ ወጣቶች ናቸው። እነዚያ ሰልፈኞች ታሪኩን ለልጆቻቸው ሳይነግሩ ቀርተው ይሆን? አይመስለኝም። ልጆቹ ታሪኩን ሲሰሙ ነው ያደጉት። ግን ድምፅን እንደ ዕዳ አድርገው ሲሰጡት ተቀባዩ ይከብደዋል። «ዕዳ አለብህ» የተባለ ሰው ደግሞ መንገድ ቀይሮ ነው የሚሄደው።

ይህ ነገር የእርስዎ ቤት ብቻ ችግር እንዳይመስልዎ። በብዙ አገር ያለ ነው። ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚናገረው የጃፓን ቁጥር ነው። እዚያ ከምርጫ በኋላ የመራጩ ዕድሜ ተለይቶ ይወጣል። በ1967ቱ የታችኛው ምክር ቤት ምርጫ በ20ዎቹ ዕድሜ ካሉት ከመቶው 67 ያህሉ ድምፅ ሰጥተዋል። በ2017 በዚያው ዕድሜ ካሉት የሰጡት 34 ያህሉ ናቸው። በዚያው በ2017 በ60ዎቹ ዕድሜ ካሉት ግን 72 ያህሉ መርጠዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። «ወጣት ስለሆኑ ነው፤ ሲያድጉ ይተዉታል» የሚል ሰው ብዙ ነው። የ1967ቱም የ20 ዓመት ልጅ ወጣት ነበር። እሱም ፍቅር ነበረው፣ እሱም ሥራ ይፈልግ ነበር፣ እሱም ከወላጆቹ ጋር ይጨቃጨቅ ነበር። መጥቶ ግን ይመርጥ ነበር። ስለዚህ የተለወጠው ወጣትነት አይደለም። በወጣቱና በምርጫ ጣቢያው መካከል ያለው መንገድ ነው የተለወጠው።

ደግሞ የማይመለስ ነገርም አይደለም። በ2014 ስኮትላንድ ከብሪታንያ ትነጠል አትነጠል በሚል ሕዝበ ውሳኔ ስታካሂድ 16 እና 17 ዓመት የሆናቸውም እንዲመርጡ ተፈቀደ። በአጠቃላይ ድምፅ የሰጠው ሕዝብ 84.6 በመቶ ደረሰ። በዚያው ብሪታንያ በ2001ዱ ጠቅላላ ምርጫ የመጣው 59.4 በመቶ ነበር፤ ከ1918 ወዲህ ያን ያህል ወርዶ አያውቅም። ሰው ጥያቄው የእሱ ጥያቄ መሆኑን ሲያምን ይመጣል።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኩት መስመር ልመለስ። መጀመሪያ ግን የራሴን ልንገርዎ።

ለመምረጥ የደረስኩት ከወላጆቼ ቤት ርቄ ስማር ነው። የምርጫው ቀን በጠዋት ተነሣሁ። ማንንም ሳልጠይቅ፣ ከማደሪያችን ቅርብ ወደነበረው ምርጫ ጣቢያ ሄድኩ። ረጅም ጠረጴዛ ነበር። ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጡት ሴትዮ የመራጮችን መዝገብ ገልጠው ማስመሪያ አስደግፈው ስሜን በየመስመሩ ፈለጉ። ማስመሪያው ቀስ እያለ ወደ ታች ሲወርድ ይታየኛል፤ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ገጹ አለቀ። ሌላ ገጽ ገለጡ። እሱም አለቀ። «ስምህ እዚህ የለም፤ የተመዘገብከው ወላጆችህ ሰፈር ሳይሆን አይቀርም» አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ወደ ፊት ተጠጋ። እኔም ወጣሁ። ምዝገባ የሚዛወርበት መንገድ እንዳለና ቀኑ ቀደም ብሎ እንዳለፈ ያወቅሁት በኋላ ነው። የሚቀጥለው ምርጫ ሲመጣ ጭራሽ አልሄድኩም። ጓደኞቼ ሲጠይቁኝ «ለማን ብዬ ነው የምመርጠው?» እል ነበር። ያ ንግግር የአቋም ንግግር ይመስል ነበር። ከሥሩ የነበረው ግን ያ ማስመሪያ ነው። ሰው ፊት «ስምህ የለም» መባል ነው።

ልጅዎም እንዲህ ሆናለች ማለቴ አይደለም። ግን ይጠይቋት። «እዚያ እያለሽ ሞክረሽ ነበር?» ይበሏት። መልሷ ሊያስገርምዎ ይችላል።

የምርጫ ተመራማሪው ማርክ ፍራንክሊን ይህን ነገር ብዙ አገሮችን አወዳድሮ አጥንቶታል። ብሪታንያ በ1969፣ አሜሪካ በ1971፣ ሌሎችም በዚያው ሰሞን የመምረጫ ዕድሜን ከ21 ወደ 18 አወረዱ። ሐሳቡ ወጣቱን ለማቅረብ ነበር። ፍራንክሊን እንደሚለው ግን ከዚያ ወዲህ ለታየው የመራጭ መቀነስ አንዱ ምክንያት ይኸው ውሳኔ ነው። ለምን? 18 ዓመት ሰው ቤቱን የሚለቅበት ዕድሜ ነው። ትምህርት ቤቱን፣ ሰፈሩን፣ የሚያውቁትን ጎረቤቶች ጥሎ ይሄዳል። አዲሱ ቦታ ላይ ገና ማንንም አያውቅም። የመጀመሪያው ምርጫ እንዲህ ባለ ጊዜ ይመጣበትና ያልፈዋል። ምርጫ ደግሞ ልማድ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ጊዜ የመረጠ ሰው ሳያስበው ይቀጥላል። የመጀመሪያዎቹ ያለፉትም እንዲሁ ሳያስበው መቅረቱን ይቀጥላል።

ዴንማርክ ውስጥ ተመራማሪዎች ማን ድምፅ እንደሰጠ ከመዝገብ አይተው የደረሱበት ነገር አለ። (ማንን እንደመረጠ አይታይም፤ መምጣት አለመምጣቱ ብቻ ነው የሚታየው።) 18 ዓመት የሆናቸው ልጆች 19 እና 20 ዓመት ከሆናቸው በላይ ይመርጣሉ። ዕድሜ ሲጨምር ይበረታሉ ብለን ስንጠብቅ ይወርዳሉ። ምክንያቱ የእናት ቤት ነው። ቤት ያሉት ከወላጅ ጋር ወጥተው ይመርጣሉ። ቤቱን የለቀቁት ደግሞ ከጓደኛ ጋር ይቀራሉ። ኦስትሪያ በ2007 ዕድሜውን ወደ 16 አወረደች። በኋላ በቪየና የመራጮች መዝገብ ሲታይ 16 እና 17 ዓመት የሆናቸው ከ18 እስከ 20 ካሉት በላይ መጥተው ተገኙ። እነሱ ገና ከእናታቸው ጋር ነበሩ።

ስለዚህ «ምን አጠፋሁ?» ላሉኝ መልሴ ይህ ነው፦ ምንም አላጠፉም። ትንሽ ሆና ይዘዋት መሄድዎ ጥሩ ነበር። ኮሮጆው ውስጥ ወረቀት የከተተች ልጅ ያንን አትረሳውም። ግን ምርጫው የእሷ ሲሆን ብቻዋን ነበረች። አሁን ወደ ቤት ተመልሳለች። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ዕድሉን ደግሞ በስብከት ባያባክኑት ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ጉልቻው እንምጣ። ይህን ተረት የሚናገር ወጣት ሞኝ አይደለም። ብዙ ቃል ሲገባ ሰምቷል፣ ብዙው ሲታጠፍ አይቷል። «ኧረ እንዲህ አትበዪ» ብለው ቢያልፏት ጆሮዋን ትዘጋለች። ትክክል የሆነችበትን ይመኑላት። የአንድ ሰው ድምፅ ለብቻው የአገር ምርጫ የሚወስንበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። «የአንቺ ድምፅ ሁሉንም ይለውጣል» አይበሏት፤ ይህን ስትሰማ እንደተሸነገለች ታውቃለች።

ጥቂት ነው ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። በ2017 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት ለአንድ የምክር ቤት ወንበር የተወዳደሩ ሁለት ዕጩዎች ድምፃቸው ተቆጥሮ እኩል 11,608 ሆነ። ሕጉ ዕጣ ይውጣ ይላል። በጥር 2018 የሁለቱ ስም ተጽፎ፣ እያንዳንዱ የፎቶ ፊልም መያዣ ውስጥ ገብቶ፣ ጎድጓዳ የሸክላ ሳህን ውስጥ ተደረገ። እጅ ገባ፣ አንዱ ወጣ። በዚያ አንድ ወንበር ምክንያት በምክር ቤቱ ውስጥ አንደኛው ፓርቲ 51 ለ49 አብላጫውን ያዘ። በዚያ ወረዳ ያን ቀን «የእኔ ምን ይፈይዳል» ብሎ የቀረ ሰው ስንት ነበር? እኔ ይህን ታሪክ ባስታወስኩ ቁጥር የማስበው ስለ ተወዳዳሪዎቹ አይደለም። ዜናውን ቤቱ ሆኖ ስላየው ያልመረጠ ሰው ነው።

ለልጅዎ ግን ከዕጣው በላይ የሚጠቅማት ሌላ ነገር ነው። በብዙ አገር ማንን እንደመረጡ ምስጢር ነው፤ መምረጥ አለመምረጥዎ ግን ይመዘገባል። ብሪታንያ ውስጥ የምርጫ ጣቢያው ሠራተኛ መጥቶ ድምፅ የሰጠው ሰው ስም ላይ በመዝገቡ ምልክት ያደርጋል። ፓርቲዎች ያንን ምልክት ያለበትን መዝገብ በኋላ ማግኘት ይችላሉ። አሜሪካም እንዲሁ ነው። የምርጫ ዘመቻ ደግሞ ገንዘብና ጊዜ የሚቆጠርበት ሥራ ነው። የቅስቀሳ ሠራተኛ ዝርዝር ተሰጥቶት ነው ሰፈር ውስጥ የሚገባው። የማን በር ይንኳኳ? ባለፈው የመጣ ሰው በር። የማን ጥያቄ ወረቀት ላይ ይጻፍ? የእሱ። የጡረታ ነገር ሲነሣ ሁሉም ተወዳዳሪ ድምፁን ለስለስ የሚያደርገው አዛውንት ስለሚወድ ብቻ አይደለም። አዛውንቶች እንደሚመጡ ስለሚያውቅ ነው። ወጣቱ ሲቀር «ተቆጥቶ ነው» ብሎ የሚጽፍ የለም። መዝገቡ ላይ ባዶ ቦታ ነው። የተናደደውም፣ የተኛውም፣ የታመመውም፣ እንደ እኔ ስሙ ያልተገኘውም ያው አንድ ዓይነት ባዶ ቦታ ናቸው።

ጉልቻውን ታዲያ እንዲህ ይመልሱላት። ወጡን የሚያጣፍጠው ጉልቻ አይደለም፤ ልክ ነሽ። ግን ወጡ ሲወጣ ማን ጋ ቀድሞ እንደሚደርስ የሚወስነው ማዕዱ ጋ የተቀመጠው ሰው ነው።

«አንዳቸውም አይወክሉኝም» ልትልም ትችላለች። ይህኛው ክርክር ከባድ ነው። ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ከ30 ዓመት በታች ነው። የዓለም ፓርላማዎች ኅብረት በ2023 እንዳወጣው በየአገሩ ፓርላማ ከተቀመጡት ውስጥ ከ30 ዓመት በታች የሆኑት 2.8 በመቶ ብቻ ናቸው። ወጣቱ አዳራሹን ሲያይ አያቱን የሚያይበት ምክንያት አለው። ይህን ስትነግርዎ «እውነትሽን ነው» ይበሏት፤ ምክንያቱም እውነቷን ነው።

ኬንያ ውስጥ የሆነውን ደግሞ አብራችሁ ልታወሩበት ትችላላችሁ። ከ2022ቱ ምርጫ በፊት ከተመዘገቡት መራጮች ውስጥ ወጣቶቹ 40 በመቶ አልሞሉም፤ ከ2017ቱም ቀንሰው ነበር። ያን ጊዜ ብዙ ሰው «ይህ ትውልድ ደንታ ቢስ ነው» አለ። በሰኔ 2024 የግብር አዋጅ ሲመጣ ያው «ደንታ ቢስ» የተባለው ትውልድ አደባባይ ወጣ። ጄን ዚ የሚባሉት ልጆች አዋጁን ተርጉመው በየስልኩ አሰራጩ። ሕይወት ጠፋ። ፕሬዚዳንቱም አዋጁን አልፈርምም አሉ። እኔ ከዚህ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዝም ያለ ወጣት ግድ የለውም ማለት አይደለም። ሁለተኛው የሚያመኝ ነው። አደባባይ አዋጅን ሊያስቆም ይችላል፤ የሚቀጥለውን አዋጅ የሚጽፈው ግን በወረቀት የተመረጠው ሰው ነው። ልጆቹ ሁለቱም በእጃቸው ቢሆን ኖሮ እላለሁ።

ሌላም መንገድ አለ። በአንዳንድ አገር ወረቀቱ ላይ «ከእነዚህ አንዱንም አልፈልግም» የሚል ቦታ አለ። ሕንድ ከ2013 ጀምሮ አላት። ኮሎምቢያ ደግሞ ከዚህም ትሄዳለች፤ ባዶው ድምፅ ከግማሽ በላይ ከሆነ ምርጫው በሌሎች ዕጩዎች እንደገና ይካሄዳል። እንዲህ ያለ ቦታ ባለበት «አልፈልጋችሁም» ማለት የፈለገ ሰው ቆጥረው እንዲያዩት አድርጎ ማለት ይችላል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ሳልናገረው ባልፍ ቅን አልሆንም። ውድድር የሌለበት፣ ውጤቱ አስቀድሞ የተጻፈበት ምርጫ አለ። እንዲህ ባለ ቦታ ሰዎች ተመካክረው፣ ምክንያታቸውን ተናግረው «አንሳተፍም» ቢሉ እሱም ድምፅ ነው። ልጅዎ አስባበት የደረሰችበት አቋም ይህ ከሆነ ያክብሩላት። አስቦ መቅረትና ቀኑ ሲያልፍ መገረም ግን ለየቅል ናቸው። የትኛው እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት። ቁጣ በሌለበት ሰዓት ከተጠየቀች ትናገራለች።

ታዲያ ምን ያድርጉ?

ከምዝገባው ይጀምሩ። ሦስት ሳምንት ነው ያለዎት። ክርክሩን ማሸነፍ ይቆይ። የተመዘገበ ሰው እስከ ምርጫው ጠዋት ድረስ ሐሳቡን መለወጥ ይችላል፤ ያልተመዘገበ ሰው ግን ቢለውጥም ዋጋ የለውም። ደግሞ አድራሻዋ ተቀይሯል። ምናልባት በቀድሞው ከተማ ተመዝግባ ይሆናል፤ ምናልባት የትም የለችም። ምን ማስረጃ እንደሚጠየቅ፣ የት እንደሚኬድ፣ ቢሮው መቼ እንደሚዘጋ እርስዎ ቀድመው ይወቁት። የ22 ዓመት ሰው ይህን ማወቅ ነበረበት የሚል ይኖራል። ይበል። እርስዎ ስንት ዓመት አንድ ሰፈር ኖረው፣ አንድ ጣቢያ መርጠው፣ መንገዱን እግርዎ ያውቀዋል። እሷ ገና አታውቀውም። ጥላቻ የሚመስለው ነገር አንዳንዴ «ሄጄ ምን እንደምል አላውቅም» ነው።

ከዚያ አንድ ጥያቄ አለ። ከሁሉም ምክሬ ይህችን ቢይዙልኝ ይበቃኛል። በ2008 በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ግዛት ዴቪድ ኒከርሰንና ቶድ ሮጀርስ የተባሉ ተመራማሪዎች ለብዙ ሺህ መራጮች ስልክ አስደወሉ። አንዱ ቡድን «ለመምረጥ አስበዋል?» ተብሎ ብቻ ተጠየቀ። ይህ ያን ያህል የለወጠው ነገር የለም። ሌላው ቡድን ግን «ስንት ሰዓት ላይ ይሄዳሉ? ከየት ተነሥተው? ከዚያ በፊት ምን ሲሠሩ ይሆናል?» ተባለ። የእነዚህ ጨመረ። ለመምረጥ የደረሰ ሌላ ሰው ቤት ውስጥ የሌላቸው፣ ብቻቸውን የሆኑት፣ በ9 በመቶ ነጥብ ገደማ ጨመሩ። እነሱን ያን ጥያቄ የሚጠይቃቸው ሰው ቤት ውስጥ አልነበረም። ልጅዎ አራት ዓመት እንደዚያ ነበረች።

ስለዚህ «ትመርጫለሽ ወይ?» አይበሏት። ይህ ጥያቄ «እምቢ» ለማለት የተመቸ ነው። «ስንት ሰዓት ላይ እንሂድ?» ይበሏት። «በጠዋት እንሂድ ወይስ ሰልፉ ሲቀል?» «ካርድሽን የት አስቀመጥሽው?» ይህ የሁለት ሰው መንገድ ወሬ ነው። ወደ ክፍል ገብቶ በር የሚያዘጋ ነገር የለውም።

ያው ኒከርሰን ሌላም ነገር አይቷል። ሁለት መራጭ ያለበት ቤት እየተንኳኳ በሩን የከፈተው ሰው ብቻ «ውጡ ምረጡ» ተባለ። ያንን የሰማው ሰው የመምረጥ ፍላጎት ሲጨምር፣ ከዚያ ውስጥ 60 በመቶ ያህሉ ምንም ወዳልሰማው ወደ ሌላው የቤቱ ሰው ተሻገረ። በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ ነገር ይጋባል። እርስዎ ጫማዎን ሲያደርጉ የምታይ ልጅ በዚያው ቅጽበት አንድ ነገር ትወስናለች።

«ስለ ፖለቲካ በቂ አላውቅም» የሚል ፍርሃትም ሊኖራት ይችላል። ወጣቶች ይህን ሲሉ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። አዋቂ ሆኖ ሲመርጥ ሁሉን አውቆ የሚመርጥ ሰው ያለ ይመስላቸዋል። እውነቱን ይንገሯት። እርስዎስ የዕጩዎቹን ሰነድ በሙሉ አንብበው ነው የመረጡት? ከሚያንገበግቧት ነገሮች ሁለቱን ትምረጥ፤ ሥራና የቤት ኪራይ ይሁን፣ ሌላ ይሁን። በእነዚያ ሁለት ነገሮች ላይ ዕጩዎቹ ምን እንዳሉና የነበሩት ደግሞ ምን እንደሠሩ ትይ። ለጀማሪ ይህ ከበቂ በላይ ነው። እንዲያውም ለእርስዎ እንድታስረዳዎ ይጠይቋት። ስልኳን የወቀሱባት ያው ስልክ እዚህ ላይ ጥሩ መሣሪያ ነው። ዴንማርክ ውስጥ የታየ ሌላ ነገር ልንገርዎ፦ ልጅ ለመምረጥ ሲደርስ ወላጆቹም ይበልጥ ይመርጣሉ። ነገሩ ከላይ ወደ ታች ብቻ አይወርድም።

ማንን እንደምትመርጥ ግን አይንገሯት። ደግሞም አይጠይቋት። ከመጋረጃው ጀርባ ያለው የእሷ ነው። እርስዎ የማይወዱትን ሰው ልትመርጥ ትችላለች። ይህን ከወዲሁ ይቀበሉት። «ከእኔ ጋር ሂጂ» የሚለው «እንደ እኔ ምረጪ» የሚል ከመሰላት ሁሉም ነገር ይበላሻል።

ወንበሩ ትንሽ የሆነ ምርጫም አይናቁ። የአካባቢ ምክር ቤት ምርጫ ሲመጣ ሰው አይሄድም። ግን ድምፁ የሚመዝነው እዚያ ነው፤ መራጩ ጥቂት ስለሆነ። ልማዱም ከትንሹ ቢጀምር ይቀላል።

«ግዴታ ቢሆን አይሻልም ወይ?» የሚሉኝ አንባቢዎች አሉ። አውስትራሊያ ከ1924 ጀምሮ በሕግ አስገድዳ 90 በመቶ አካባቢ ታመጣለች። በአገር ደረጃ የሚያከራክር ነገር ነው፤ እኔ አልቃወመውም። በቤት ደረጃ ግን አይሠራም። የ22 ዓመት ሴት እጇን ይዘው አይወስዷትም።

የመጨረሻው ጥያቄዎ «እምቢ ብትለኝስ?» የሚል ነበር። እምቢ ልትል ትችላለች። ያን ጊዜ ፊትዎን አይለውጡባት። «እሺ፤ እኔ ሦስት ሰዓት ላይ እወጣለሁ» ይበሏትና ሦስት ሰዓት ላይ ይውጡ። ሲመለሱ ቀለም የነካ ጣትዎን አያሳዩአት፣ ወሬም አያንሡ። ሁለት ምርጫ ያለፈው ሰው ሦስተኛው ቢያልፈውም አራተኛው አለ። እኔን ወደ ምርጫ ጣቢያ የመለሰችኝ አክስቴ ናት። ምንም አልሰበከችኝም። በዋዜማው ደውላ «ነገ ሳልፍ ልውሰድህ ወይስ በእግር እንሂድ?» አለችኝ። ምዝገባዬን ቀደም ሲል ያስዛወርኩትም እሷ ስላስታወሰችኝ ነበር። በእግር ሄድን። ሰልፉ ላይ ስለ ሌላ ነገር ስናወራ ተራችን ደረሰ። መዝገቡ ተገለጠ፣ ማስመሪያው ወረደ፣ ቆመ። ስሜ ነበር።

ዛሬ ማታ ይቅርታውን ይጠይቋት። የምርጫውን ወሬ ዛሬውኑ አይጨምሩበት፤ ይቅርታው ለብቻው ይዋል። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ፣ ሁለታችሁም እጃችሁ ሥራ ላይ ሳለ፣ «አድራሻሽን ለማስቀየር ቢሮው የሚከፈተው በስንት ሰዓት መሰለሽ?» ይበሏት። የሆነውን ይጻፉልኝ። እሷም የምትለው ካላት ትጻፍልኝ፤ የእሷንም ደብዳቤ በደስታ አነባለሁ።